የጆአን ቤኖይት ቀኝ ጉልበት፦ ከኦፕራሲዮን እስከ ማራቶን 17 ቀን

ስለ ሯጮች ጉልበት ወሬ ሲነሳ አንድ ታሪክ ብቅ ማለቱ አይቀርም። አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆና በ17ኛው ቀን ማራቶን አሸነፈች፤ ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላት ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ወሰደች። ታሪኩ እውነት ነው፣ ቀኖቹም ልክ ናቸው። ችግሩ ሰው ከታሪኩ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። አንዱ «ጨክነህ ከሮጥክ ያልፋል» ይላል፣ ሌላው «ቶሎ ኦፕራሲዮን ሁንና ተገላገል» ይላል። ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካያችሁት ግን ሁለቱም ከታሪኩ አይወጡም። እሷን ያሰቃያት ነገርና ብዙዎቻችንን የሚያመን ነገር አንድ አይደሉም፣ እሷም ብትሆን ቢላው ላይ የደረሰችው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቤኖይት የሜይን ግዛት ልጅ ናት። በልጅነቷ በረዶ ላይ ስትንሸራተት እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ ረጅም ሩጫን የያዘችው ከዚያ ለማገገም ብላ ነው። 1979 ላይ ገና ተማሪ ሳለች ቦስተን ማራቶንን አሸነፈች። 1981 ማብቂያ ላይ ሁለቱንም ተረከዞቿን ኦፕራሲዮን ሆነች። 1983 ላይ ተመልሳ ቦስተንን በ2:22:43 ጨረሰችና የዓለም የሴቶች ምርጥ ሰዓት ባለቤት ሆነች። እንግዲህ ጉልበቷ የታመመው ይህች ሴት ናት፤ በጥሩ ሳምንት 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ የምትሮጥ፣ ሕመም የማያስደነግጣት፣ ከቀዶ ሕክምና መመለስንም አንድ ጊዜ ያየችው ሴት።

1984 ደግሞ ተራ ዓመት አልነበረም። የሴቶች ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ኦሊምፒክ ላይ ለሴት የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 1,500 ሜትር ነበር፣ ማመን ያስቸግራል። (ኢትዮጵያ ያን ዓመት ከሶሻሊስት አገሮች ጋር ሆና ሎስ አንጀለስ አልሄደችም፤ በዚያ ርቀት የኛ ወርቅ የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ በፋጡማ ሮባ ነው።) የአሜሪካ ቡድን የሚመረጠው ግንቦት ወር ውስጥ፣ ሜይ 12 ቀን፣ ኦሊምፒያ በምትባል የዋሽንግተን ግዛት ከተማ በአንድ ማጣሪያ ብቻ ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የገባች ትሄዳለች፣ አራተኛዋ ትቀራለች። የዓለም ምርጥ ሰዓት መያዝ ምንም አይቆጠርም። ይህን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ የተደረገውን ውሳኔ ሁሉ የገፋው ይህ ቀን ነው።

ማርች አጋማሽ ላይ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ረጅም ልምምድ ወጣች። ወደ መጨረሻው ላይ የቀኝ ጉልበቷ የውጭ ጎን ይጠብቃት ጀመር። ጠበቀ፣ ጠበቀና ጉልበቱ እንደ ልብ አልታጠፍም አለ። ቆማ በእግሯ ሄደች። ልምምድ ማቋረጥ የማታውቅ ሰው ናትና ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እሷ ራሷ ሳይገባት አልቀረም።

አልወደቀችም። እግሯ አልተጠመዘዘም። ማንም አልገፋትም። ጉልበት ላይ ከመጠን ያለፈ ድግግሞሽ የሚያመጣው ጉዳት እንዲህ ነው፣ «መቼ ነው የተጎዳሽው?» ቢሏት የምትጠቁመው አንድ ቀን የለም። ሒሳቡ ግን አለ። ተራ ሯጭ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በግምት አንድ ሺህ እርምጃ ይረግጣል፣ ለእያንዳንዱ ጉልበት አምስት መቶ ማለት ነው። 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን አምስት ሺህ። እንደ ቤኖይት እርምጃው ሰፊ ለሆነና በሳምንት 160 ለሚሮጥ ሰው ደግሞ አንዱ ጉልበት በሳምንት ከ50 ሺህ ጊዜ በላይ የሰውነትን ክብደት በብዙ እጥፍ ይሸከማል። ጉልበት ይህን መልመድ ይችላል፣ በጣም ይችላል። መላመጃ ጊዜ ካላገኘ ነው የሚቆጣው።

ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ኮርቲዞን ተወጋች፣ ጥቂት ቀን አረፈች። ተሻላት። ወደ ልምምዷ ተመለሰች፣ ሳምንታት ሮጠች። ኤፕሪል ላይ ጉልበቱ እንደገና ያዛት፣ ያውም ከፊተኛው ብሶ። እንደገና መርፌ፣ አሁን ግን ያን ያህል አልሠራም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም በየአገሩ ያለ ሯጭ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮርቲዞን የተቆጣን ነገር ያበርዳል። በረደ ማለት ግን ያስቆጣው ነገር ተነሳ ማለት አይደለም። የሚቆጠቁጠው ምክንያት እዚያው ተቀምጦ ሕመሙ ብቻ ሲጠፋ ሰው ወደ ድሮ ኪሎ ሜትሩ ይመለሳል፣ ከዚያ ጉልበቱ ዕዳውን ይጠይቃል። ጅማት ውስጥ ወይም ጅማት አጠገብ ሲደጋገም ደግሞ ጅማቱን ሊያዳክም ስለሚችል ጠንቃቃ ሐኪም መርፌውን ቆጥቦ ነው የሚይዘው። እኔ መርፌን አልጠላም፣ አንዳንዴ በር ይከፍታል። በተከፈተው በር ገብቶ ሥራውን የማይሠራ ሰው ግን ተመልሶ ወረፋ ነው።

ማጣሪያው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቤኖይት አገሩን አቋርጣ ኦሪገን ግዛት ዩጂን ከተማ ሄደች። ዩጂን የሯጮች ከተማ ናት፣ እዚያ ያሉት ዶክተር ስታን ጄምስ ደግሞ የሯጭ ጉልበት በማየት ስማቸው የወጣ የአጥንት ሐኪም ነበሩ። 1978 ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሯጮችን ጉዳት አጥንተው ዋናው ጥፋት የልምምድ ስህተት መሆኑን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም ጉልበት መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲህ ቢላ የሚወዱ ሰው አልነበሩም ማለት ነው። ቤኖይትንም መጀመሪያ ያሏት «እረፊ» ነው። ለቀናት ሩጫ አቆመች፣ የተቆጣውን ጉልበት የሚያበርድ መድኃኒት ወሰደች። ከእረፍቱ በኋላ ስትሞክረው ጉልበቱ እንደገና ቆለፈ። ያኔ ነው ኦፕራሲዮን የተወሰነው፣ ኤፕሪል 25 ቀን።

የተሠራው በአርትሮስኮፒ ነው። ትልቅ ቅድ የለም፤ በጠባብ ቀዳዳ ካሜራ ይገባል፣ በሌላ ቀዳዳ እንደ እርሳስ የቀጠነ መሣሪያ። ጉልበት በሰፊው ይከፈት በነበረበት ዘመን የነበረች ሯጭ ብትሆን ኖሮ 17 ቀን ሳይሆን ወራት ነበር የሚጠብቃት። ካሜራው ሲገባ የተገኘው የተቆጣና የወፈረ ፕሊካ ነው።

ፕሊካ ምንድነው? የጉልበትን መገጣጠሚያ ከውስጥ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፣ ጉልበትን የሚያለሰልሰውን ፈሳሽ የሚያመነጨው እሱ ነው። ፅንስ ሳለን ከነበረው አሠራር የተረፈ የዚህ ሽፋን እጥፋት ብዙ ሰው ጉልበት ውስጥ ይቀራል። አብዛኛው ሰው ፕሊካ እንዳለው ሳያውቅ ኖሮ ይሞታል። ነገር ግን ጉልበቱ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲታጠፍና ሲዘረጋ እጥፋቱ ከአጥንት ጋር ከተፋተገ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ሲወፍር ደግሞ ይበልጥ ይፋተጋል። በር ሲዘጋ መሀል ላይ የሚያዝ መጋረጃ አስቡ። ጉልበት የሚታጠፍበት አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ይላል፣ ይይዛል፣ አንዳንዴም አልሄድም ይላል። የሷ ምልክት በትክክል ይህ ነበር።

ዶክተሩ ያን ነገር ቆረጡት፤ የተቀደደ ጅማት አልሰፉም፣ ልስልስ አጥንቷንም አልነኩም። የሚያደናቅፈው ተወገደ፣ የቀረው ጉልበት ደህና ነበር። የ17 ቀኑ ምስጢር በቃ ይህ ነው። ጅማት ቢሰፋላት ኖሮ የፈለገውን ያህል ብትጨክን የተሰፋ ነገር የሚድንበትን ጊዜ ማሳጠር አትችልም ነበር።

እሷም ቢሆን አላመለጠችም። በቀናት ውስጥ መሮጥ ጀመረች፣ ቸኮለች፤ የታከመውን ጉልበት ስታባብል በሌላኛው እግሯ የጭን የኋላ ጡንቻ ላይ ጉዳት ደረሰባት። ማጣሪያው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ጉልበቷ ድኖ ጡንቻዋ አስቸገረ። በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ ለረጅም ሰዓታት ስትታከም ነው የከረመችው። ይህን ክፍል ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ይዘሉታል፣ እኔ ግን ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የሚጠቅመን እሱ ይመስለኛል። አንዱን እግር የሚያባብል ሰው ሌላውን ያስከፍላል። እያነከሱ መሮጥ ልምምድ አይባልም፣ አዲስ ጉዳት ፍለጋ ነው።

ሜይ 12 ቀን ማጣሪያውን በ2:31:04 አሸነፈች። ከራሷ ምርጥ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ በላይ የዘገየ ነው፣ ግን የተፈለገው ሦስተኛ ውስጥ መግባት ብቻ ነበር። ኦገስት 5 ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ ገና በጠዋቱ፣ አምስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከሌሎቹ ተነጥላ ወጣች። ሙቀቱን ፈርተው ተያይዘው የቀሩት እነ ኖርዌያዊቷ ግሬተ ዋይትዝ ትመለሳለች ብለው ጠበቁ፣ አልተመለሰችም። 2:24:52። ዋይትዝ በ2:26:18 ሁለተኛ፣ ፖርቱጋላዊቷ ሮዛ ሞታ ሦስተኛ። በዓመቱ ቺካጎ ላይ 2:21:21 ሮጠች።

አሁን ወደኛ ጉልበት እንምጣ።

መስከረም ሲጠባ ሰው ለታላቁ ሩጫ ይመዘገባል። ጥቅምት ሲገባ ይደነግጣል። ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የከረመ እግር በሳምንት አራት ቀን አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ይወጣና ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ይወርዳል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጉልበት ሎሚው ጀርባ ወይም ዙሪያው ደብዘዝ ያለ ሕመም ይጀምራል። ጣትህን ጠቁምበት ሲባል በአንድ ጣት ማሳየት ያቅተዋል፣ መዳፉን ሎሚው ላይ ያሳርፋል። ደረጃ ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ይብሳል። ቁጢጥ ሲል ያመዋል። ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ «ወራጅ አለ» ብሎ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እርምጃዎች ያስነክሱታል። ሯጮችን በብዛት የሚይዘው የጉልበት ሕመም ይህ ነው። የሚቆለፍ ነገር የለውም፣ የሚቆረጥም ነገር የለውም። በአብዛኛው ኤምአርአይ እንኳ አያስፈልገውም፤ በእጅና በዓይን ምርመራ ይለያል። ኦፕራሲዮን ለዚህ መድኃኒቱ አይደለም።

ሕመሙ ውጭ ጎን ላይ ሆኖ ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደ ሰዓት ተቆጥሮ የሚመጣ ከሆነ ከዳሌ እስከ ጉልበት የሚወርደው ሰፊ ጅማት ተቆጥቶ ይሆናል፣ እሱም ቁልቁለት አይወድም። ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፣ ዝላይና ፍጥነት የሚያመጣው። ሕክምናቸው ይቀራረባል፣ ስለዚህ ብዙ አልቆይበትም።

መጀመሪያ የሚደረገው ኪሎ ሜትር መቀነስ ነው፣ ጨርሶ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ቁልቁለቱ ይቅር፣ ፍጥነቱ ይቅር፣ ረጅሙ ቀን ይጠር። ሜዳ ላይ በዝግታ ሲሮጥ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ ያ መጠን ተፈቅዷል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ካስቸገረ በዝቷል፣ ይቀነሳል። ይህን ልኬት ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች ይጠቀሙበታል፣ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ ይሠራል።

ከዚያ ጡንቻ። ዋናው ሕክምና እዚህ ነው፣ የሚሰለቸውም እዚህ ነው። የጭን የፊት ጡንቻና የዳሌ የጎን ጡንቻ፣ ሁለቱም አብረው። አንዱን ብቻ በዝርዝር ላሳያችሁ። መስታወት ፊት አንድ ደረጃ ላይ ቁሙ፣ የተለመደው የቤት ደረጃ ከፍታ ይበቃል። በሚያመው እግር ቁሙና የሌላኛውን ተረከዝ ቀስ አድርጋችሁ፣ ሦስት እየቆጠራችሁ፣ መሬት እስኪነካ አውርዱ፣ ክብደታችሁን ሳትጥሉበት መልሱት። ዓይናችሁ ከጉልበት ሎሚው ላይ አይነሳ። ወደ ውስጥ፣ ወደ አውራ ጣት በኩል ከዘመመ ወይም ዳሌያችሁ ወደ ጎን ከወደቀ ያያችሁት የዳሌ ጡንቻ ድካም ሊሆን ይችላል። ሎሚው ከሁለተኛው የእግር ጣት በላይ ሆኖ እንዲወርድ አድርጉት፣ ካልሆነ ደረጃውን አሳጥሩት። በዚህ ላይ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳትና በልክ ዝቅ የሚል ቁጭ ብድግ ጨምሩበት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፤ ከስድስት እስከ 12 ሳምንት አስቡ። አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል፣ ከዚያ «ስፖርቱም ሞከርኩት አልሠራም» ይላል።

እርምጃን ማሳጠርም ይረዳል። በተመሳሳይ ፍጥነት በደቂቃ የምትረግጡትን ቁጥር ከ5 እስከ 10 በመቶ ብትጨምሩ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። በፕላስተር ማሰርና የጫማ ውስጥ ድጋፍ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመም ያቀልላሉ፣ ብቻቸውን ግን አያድኑም። አይቡፕሮፌን ውጦ ረጅም ሩጫ መውጣት የባሰ ነገር ነው፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ጉልበቱ የሚለውንም እንዳንሰማ ያደርጋል።

ስለ ወጌሻ ትጠይቁኛላችሁ። የደከመ ጭንና ባት በልኩ ማሸት ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ያበጠና የሞቀ ጉልበት ላይ ግን በአውራ ጣት መጫን፣ የተቆለፈ ጉልበትን «ቦታው ላይ ልመልሰው» ብሎ መጎተት አይሆንም። የተቆለፈው በምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚጎተት ጉልበት ሊባባስ ይችላል።

የውድድር ቀን የሚያመጣውን ግፊት ደግሞ ከኃይሌ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ኖቬምበር 2010 ኒውዮርክ ማራቶን ዋዜማ ላይ ጉልበቱ በኤምአርአይ ታየ፤ ፈሳሽ ቋጥሯል፣ ጅማቱም ተቆጥቷል። ሮጠ። 26ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ ቆመ፣ የዚያኑ ዕለት ሩጫ በቃኝ አለ። ውድድሩን የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው ገብሬ ገብረማርያም አሸነፈ። ኃይሌ ከሳምንት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፣ በተከታዩ ኤፕሪል ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። ያበጠ ጉልበት የዓለም ሪከርድ ይዞ የነበረን ሰው እንኳ ድልድይ ላይ ካቆመ እኛን መስቀል አደባባይ ሳንደርስ ያስቆመናል።

ሐኪም ጋ ሳይዘገዩ መሄድ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ጉልበቱ ከተቆለፈ፣ ከሩጫ በኋላ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ፣ ሲቆም የሚከዳ ከሆነ፣ ወድቆ ወይም ተጠማዝዞ የጀመረ ከሆነ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ከሆነ፣ ወይም ትኩሳት ካለው። አጥንት ላይ በአንድ ቦታ የሚቆጠቁጥና በተሮጠ ቁጥር የሚብስ ከሆነም እንዲሁ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ ያለፉትን ስድስት ሳምንታት የሮጣችሁትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ፤ መቼ እንደጨመረ፣ ቁልቁለት መቼ እንደገባ፣ ሕመሙ ከስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደሚጀምር፣ ምን መርፌ እንደተወጋችሁ። የሚያያችሁ ሐኪም ካልጠየቀ እናንተው አንሱት።